«ራሱን የቻለ ተማሪ» ማን ነው?
(በአሜሪካ ኮሌጅ ለሚገቡ አዲስ አባሎቻችን የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ መጠየቂያ የሆነውን ፋፍሳን ጀምረው፣ ስለ ወላጅ የሚጠይቀው ክፍል ላይ ሲደርሱ የተዉት አሉ። እኛም የቀደምነው «ተዉት፣ ለእናንተ አይሰጥም» ብለን መክረናል። ይህ ስሕተታችን ስለ ሆነ ዛሬ ልናርመው እንወዳለን።

ባገራችን ራሱን የቻለ የምንለው ሠርቶ የሚያድረውን፣ ለወላጆቹም የሚልከውን ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሌሊት እየሠራ ኪራዩን የሚከፍል የ20 ዓመት ወጣት፣ ወላጆቹ አንድ ሳንቲም ባይሰጡትም፣ በወላጅ ሥር እንዳለ ይቈጠራል።

ታዲያ ሕጉ ራሱን የቻለ የሚለው ማንን ነው? በኤውሮፓ አቈጣጠር ለ2026-27 የትምህርት ዘመን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት የተወለደውን፤ ያገባውን፤ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የሚማረውን፤ በአሜሪካ ጦር ያለውን ወይም ያገለገለውን፤ አብረውት ለሚኖሩ ልጆች ወይም ሌሎች ሰዎች ከግማሽ በላይ መተዳደሪያ የሚሰጠውን፤ 13 ዓመት ከሞላው ወዲህ እናትና አባት አልባ የነበረውን ወይም በመንግሥት አሳዳጊነት የቈየውን፤ ያለ ወላጅ ሆኖ ቤት ያጣውን ነው። ከነዚህ አንዱ ይበቃል። አክስት ያሳደገችን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሞግዚት ካላደረጋት በቀር፣ ማሳደጓ ብቻ በዚህ ሕግ አይቈጠርም።

ከዚህ ውጭ ሌላ በር አለ። ከ2024-25 ጀምሮ፣ ልዩ ችግር ከወላጅ ጋር እንዳያገናኘው ያደረገ ተማሪ ይህንኑ በፋፍሳ ላይ ቢያመለክት ለጊዜው ራሱን እንደ ቻለ ይቈጠራል። ሕጉም የስደተኛነት ወይም የጥገኝነት ፈቃድ ያገኘውን፣ ወላጅ የተወውን፣ ወላጁ የታሰረበትን ይጠቅሳል። ቍርጡን የሚወስነው የኮሌጁ የገንዘብ ዕርዳታ ክፍል ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛ ደብዳቤ ያለው ያቅርብ፤ የሌለውም ቀርቦ ያስረዳ፤ ቃሉ ተመዝግቦ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ወላጅ አልረዳም ማለቱ ብቻ ግን አይበቃም። በተማሪ ቪዛ የመጣም ይህን የፌዴራል ዕርዳታ አያገኝም።

እንግዲህ ወላጁ በሕይወት ሳለ ሞቷል ብሎ የሚጽፍ አይኑር፤ ሐሰት በሕግ ያስጠይቃል። ሳይጠይቅ የሚቀርም አይኑር። ሕግ የፈቀደውን መጠየቅ ልመና አይደለምና፣ ቅጹን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንሞላዋለን።