ከመርፌው በኋላ ሕመሙ የት ይሄዳል?

አቅራቢ 1፦ ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ መርፌውን ሲያይ የሚሸሽ ስንት ሰው አለ መሰለህ! ለመሆኑ ማደንዘዣው ምንድን ነው የሚሠራው?

አቅራቢ 2፦ ሕመም ወደ አንጎል የሚደርሰው ነርቮች በሚያስተላልፉት የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ለዚህ ደግሞ ሶዲየም ወደ ነርቩ መግባት አለበት። ማደንዘዣው ሊዶኬይን የሶዲየምን መግቢያ ይዘጋዋል፤ አንጎልም ወሬውን አይሰማም።

አቅራቢ 1፦ «ተወግቼም አመመኝ» የሚሉስ?

አቅራቢ 2፦ እውነታቸውን ነው! መግል የቋጠረ ድድ አሲድ ይበዛበታል፤ እዚያ ላይ መድኃኒቱ የነርቩን ሽፋን አልፎ ለመግባት ይቸገራል። ሐኪሙ አንዳንዴ ከቁስሉ ራቅ ብሎ የሚወጋው ለዚህ ነው። በደንብ ከደነዘዘም በኋላ ግን መገፋቱና መጎተቱ ሊሰማ ይችላል።

አቅራቢ 1፦ ማደንዘዣው ግን ሁልጊዜ ሊዶኬይን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ቪየና ላይ ሐኪሙ ካርል ኮለር ዓይን ለማደንዘዝ የተጠቀመው ኮኬይን ነበር። ሊዶኬይን ስዊድን ውስጥ የተገኘው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

አቅራቢ 2፦ በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ወገቧ ላይ የምትወጋው ቡፒቫኬይንም የሊዶኬይን ወገን ነው። ሆዷ ተከፍቶ እሷ ግን ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ልቅሶ ትሰማለች። ለእኔ ማደንዘዣ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የለውም።

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ የልብ ሕመም ካለባችሁ ወይም ማደንዘዣ ከዚህ በፊት ካስቸገራችሁ ከመወጋታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ልጆቻችሁም ድንዛዜው ሳይለቃቸው ከንፈራቸውን እንዳይነክሱ ጠብቋቸው።