ስለ ወላድ እናቶች የሚሰበሰበውን ቁጥር ስለ ማሻሻል

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ ሲሰሙት እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል። መዝገብ፣ ቅጽ፣ ድምር፣ ከመቶ ይህን ያህል የሚባለው ነገር የቢሮ ጸሐፊ ሥራ እንጂ የተማሪ ጉባኤ መወያያ አይመስልም። ጥያቄው ግን በአጭሩ ይህ ነው፤ በአገራችን በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት በዓመት ስንት እናቶች ይሞታሉ? በእርግጥ የሚያውቅ ካለ እጁን ያንሣ።

እጁን የሚያነሣ ባይኖር ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። አጥኚዎቹ ራሳቸው ግን እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። የላይኛው የታችኛው እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። አንድ ነጋዴ በመጋዘኔ ያለው ጤፍ ከ273 እስከ 551 ኩንታል ይሆናል ቢል ማን ያበድረዋል? ይህ የሆነው አጥኚዎቹ ስለ ሰነፉ አይደለም። ሞቱ በሞተበት ቀንና ቦታ ስላልተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ በየቤቱ እየዞሩ ሴቶችን ስለ ሞቱ እኅቶቻቸው መጠየቅ ግድ ስለ ሆነባቸው ነው።

እንግዲህ አበው ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዳሉት፣ ቁጥሩ ከሚቀዳበት ምንጭ እንጀምር።

እኔ የጫግኒ ልጅ ነኝ። ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ወርዶ ወደ መተከልና ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። አገውኛም አማርኛም ይነገርባታል፤ ከወሰን ማዶም የጉሙዝ ሕዝብ ጎረቤቷ ነው። በዚያ አካባቢ ካሉ ቀበሌዎች የአንዲቱን ነዋሪ ነፍሰ ጡር እናት እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ ስለ አንዲት የታወቀች ሴት አልናገርም።

ይህች እናት ለክትትል ስትሄድ አዋላጇ፣ «እኅቴ፣ የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃታለች። መልሱ «ለጥምቀት ሰሞን» ወይም «ሁዳዴ ሳይገባ» ይሆናል። መዝገቡ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ስለሚፈልግ አዋላጇ በግምት አንድ ቀን ትጽፋለች። እናቲቱ በጤና ኬላው መዝገብ አንድ ቁጥር ይሰጣታል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሌላ መዝገብና ሌላ ቁጥር ይጠብቃታል። ምጧ ቢጸናና ወደ ሆስፒታል ብትላክ ሦስተኛ ካርድ ይወጣላታል። ወልዳ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤተሰብ ማኅደር ትጽፋታለች። አንዲት ሴት፣ አራት መዝገብ፣ አራት ቁጥር። እነዚህ አራቱ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

ከዚያ በኋላ ድምሩ ይመጣል። በጤና ተቋሞቻችን የሪፖርት ወር የሚቆጠረው ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ቀን ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜን የምትጠቃለለው በመስከረም ሪፖርት ውስጥ ነው። መዝገቡ ሲዘጋ በመቁጠሪያው ወረቀት ላይ በጭረት የተመለከተው ተደምሮ ይህን ያህል ክትትል፣ ይህን ያህል ወሊድ ተብሎ ይላካል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ድምሩ የሚገባው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀውና በኛም የዘመን አቆጣጠር ሊሠራ በሚችለው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በሚባለው የኮምፒዩተር አሠራር ነው። ፍጥነቱ ተሻሽሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ወደ ላይ የሄደው ጭረት ነው፤ ሴትዮዋ በመዝገቡ ላይ ቀርታለች።

ይህ ምን ጉዳት አለው? ለምሳሌ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ክትትል ከጀመሩት እናቶች መካከል ስንቶቹ በመጨረሻ በቤታቸው ወለዱ? የደም ማነስ ከተገኘባቸው ስንቶቹ በወሊድ ጊዜ ደም ፈሰሳቸው? ወደ ሆስፒታል ከተላኩት ስንቶቹ ደረሱ? ድምር እነዚህን ሊመልስ አይችልም፤ ምክንያቱም የመጋቢቱ ጭረትና የኅዳሩ ጭረት የአንዲት ሴት መሆናቸውን የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ችግር የአካፋዩ ነው። ከመቶ ይህን ያህል ለማለት በአካባቢው ስንት ነፍሰ ጡር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ የሚገኘው ግን ነፍሰ ጡሮችን በመቁጠር ሳይሆን የሕዝቡን ብዛት በተወሰነ መቶኛ በማባዛት ነው። የሕዝቡ ብዛት ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በስሌት የተቀጠለ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በጫግኒ ራንች በተባለው ስፍራ በሠፈሩ ጊዜ፣ ከነርሱም መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። የ1999ኙ ቆጠራ እነርሱን ከየት ያውቃቸዋል? በሰላሙ ጊዜ እንኳ ከማንዱራ መጥታ ጫግኒ የምትወልድ እናት ወሊዷ በአንድ ክልል፣ አካፋይዋ በሌላ ክልል ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ወረዳ ከመቶ በላይ አገለገልሁ ይላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ሰነፍ ይባላል።

በአገር ደረጃም ልዩነቱ ታይቷል። የ2008ቱ ጥናት ከመቶ 28 ወሊዶች ብቻ በሠለጠነ ባለሙያ እንደ ተከናወኑ ሲያመለክት፣ በዚያው ዘመን ከየተቋሙ የተሰበሰበው ዘገባ ከእጥፍ በላይ ያሳይ ነበር። የልዩነቱ አንዱ ክፍል ጥናቱ የኋላ አምስት ዓመታትን ስለሚጨምር ነው፤ ሁሉም ግን በዚህ አይገለጽም። እድገቱ እውነት መሆኑንም መናገር ይገባል፤ በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 6፣ በ2003 ከመቶ 10 የነበረው በ2011 ዓ.ም. ወደ 50 ደርሷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፣ አምቡላንሱ፣ የእናቶች ማቆያውና በየጤና ጣቢያው የሚቀርበው ገንፎ ሳይቀር በዚህ ድርሻ አላቸው። መልካም ሥራ ያለ ልክ በተነፋ ቁጥር ሲነገር ግን የሚጎዳው ራሱ ሥራው ነው።

ሦስተኛው የሁሉም ከባድ ነው። በ2005 ዓ.ም. የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል አሠራር ተጀምሯል። ዓላማው እያንዳንዱን ሞት ማስታወቅ፣ ምክንያቱን መመርመር፣ እንዳይደገም ማድረግ ነው። ነገር ግን የሚገለጸው ሞት ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ነው። ቤት ውስጥ የሞተችው አትነገርም። በተቋም የሞተች እንደ ሆነም ባለሙያው «ማን ገደላት?» ተብሎ እንዳይጠየቅ ይፈራል። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ የእናቶች ሞት ሲመረመር የኖረው የሟችም የሐኪምም ስም ተሠውሮ ነው። ጥያቄው ማን አጠፋ ሳይሆን ምን ጎደለ የሚል ነው። የድምሩንም ነገር በዚያ አገር በ2015 የጀመሩትና በ2019 ያደሱት የወሊድ መረጃ አሠራር፣ በጭረት ፋንታ የእያንዳንዷን እናት መዝገብ ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ አገናኝቶ የሚይዝ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እናቲቱ ከኬላ እስከ ሆስፒታል በአንድ ቁጥር ትታወቅ። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት አግኝቷል፤ መታወቂያ የሌላት ግን ከአገልግሎቱ እንዳትመለስ ሌላ መንገድ ይዘጋጅላት።

ሁለተኛ፣ ልደትና ሞት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ሲገባ ከጤናው መዝገብ ጋር ይገናኝ። ምዝገባው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ታዝዞ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሁለት መሥሪያ ቤት አንዱን ሕፃን ሁለት ጊዜ ከሚጽፉት አንድ ጊዜ ጽፈው ቢካፈሉት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ወደ ላይ ከመላኩ በፊት በዚያው በቦታው ይነበብ። በየወሩ 12 አኀዞች በዕጣ ተመርጠው ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር የሚነጻጸርበት መልካም ደንብ አለ። ነገር ግን ማነጻጸሩ ሪፖርቱ ከመዝገቡ መስማማቱን እንጂ መዝገቡ ከእውነቱ መስማማቱን አይመረምርም። ይህን የሚያውቁት አዋላጇና የቀበሌው ሴቶች ናቸው።

አራተኛ፣ ምሥጢር ይጠበቅ። ስለ እርግዝናዋ፣ ስለ ደም ምርመራዋ፣ ስለ ጠፋባት ጽንስ የተጻፈው ሁሉ የእናቲቱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በካርድ ክፍሉ መደርደሪያም ላይ እንዲሠራበት ያስፈልጋል።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው፣ አዋላጇ ለማዋለድ ጊዜ ያጣችውን ቅጽ ልትጨምሩባት ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ስለዚህ አዲስ ቅጽ ሲመጣ አሮጌው ይነሣ። ማንም የማይጠቀምበት ጥያቄ ከመዝገቡ ይሰረዝ። ሁለተኛው፣ መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት አገር ኮምፒዩተር ምን ይረባል ይላል። ይህም እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ምጥ ግን አልተቋረጠም። ስለዚህ መሣሪያው ግንኙነት በሌለ ጊዜ መዝግቦ የሚያቆይ፣ ግንኙነት ሲመለስ የሚልክ ይሁን፤ ወረቀቱም በአንድ ጊዜ አይጣል።

ጓደኞቼ፤ ከመካከላችን ሐኪም፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የሕግ አዋቂ፣ የኮምፒዩተር ሊቅ የሚሆኑ አሉ። አራቱም ለዚህ ሥራ ያስፈልጋሉ። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችሁ ስትሄዱ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ገብታችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ ከአዋላጇ ተማሩ። የእናቶቹን ስም ሳትነኩ የየትኛው አምድ ባዶ እንደሚቀርና ለምን እንደሚቀር ብቻ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ማኅበራችን ይህን አሰባስቦ ለሚመለከተው ክፍል ቢያቀርብ ከብዙ ጩኸት የበለጠ ሥራ ይሆናል። መምህራኖቻችንም በዚህ እንዲመሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አገር ልጆቿን የምታውቅበት የመጀመሪያው መዝገብ የእናቶች መዝገብ ነው። እርሱ ከተሳሳተ በላዩ የሚሠራው እቅድ ሁሉ ይሳሳታል።