ስለ ደምና ስለ ከሰል ፍም ለተማሪዎች የተነገረ

ተማሪዎች ሆይ፤ ሰው እህል ሳይበላ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሳይተነፍስ ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መኖር አይሆንለትም። በአየር ውስጥ ካሉት ነገሮች ለሕይወት የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ይባላል፤ እርሱም ከአየሩ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ነው።

ኦክሲጅን ከሳንባ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው በደም ተጭኖ ነው። በደም ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ቀያይ ሕዋሳት አሉ፤ በውስጣቸውም ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ሞልቶባቸዋል። አንዱ ሄሞግሎቢን አራት የብረት ቅንጣት አለው፤ እያንዳንዱም ቅንጣት አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ይይዛል። ስለዚህ ሄሞግሎቢን አራት ጭነት እንደሚሸከም አጋሰስ ነው።

የሚያስደንቀውም ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው ኦክሲጅን በተያዘ ጊዜ የፕሮቲኑ ቅርጽ ጥቂት ይለወጥና የቀሩትን ለመያዝ ይቀለዋል። ደሙ ብዙ ወደሚሠራ ጡንቻ በደረሰ ጊዜ ደግሞ፥ በዚያ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ከፕሮቲኑ ጋራ ተገናኝተው አያያዙን ያላሉታል፤ ጭነቱም በሚፈለግበት ስፍራ ይራገፋል። ይህን የዴንማርኩ ሊቅ ክርስቲያን ቦር ከባልደረቦቹ ጋራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ገለጸ። የፕሮቲኑንም ቅርጽ ማክስ ፔሩትዝ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ብዙ ዓመት ደክሞ አገኘው፤ ስለ ድካሙም በ1962 ዓ.ም. ከጆን ኬንድሩ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን የኦክሲጅንን ስፍራ የሚቀማ ጠላት አለ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ይህም መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም። ሄሞግሎቢን ይህን ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል። ኦክሲጅንን ከደም እንደሚያስለቅቅ የፈረንሳዩ ሊቅ ክሎድ ቤርናር በ1857 ዓ.ም. አስረዳ። ጉዳቱም እጥፍ ነው፤ ጥቂቱን ስፍራ በያዘ ጊዜ የቀረውን ኦክሲጅን ሄሞግሎቢኑ አጥብቆ ይይዘዋልና ለሕዋሳቱ አይለቅላቸውም። ደሙ ጭነት ይዞ ሳለ ሰውነት ይራባል።

ፍም ከቀላ ጢስም ከሌለው አይጎዳም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ አሳብ ስሕተት ነው፤ የቀላውም ፍም ይገድላል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው፤ በአንድ ቤት ያሉትን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያማቸው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መጠርጠር ይገባል። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። ሕፃናትና እርጉዞች ከሌላው ይልቅ ይጎዳሉ።

ስለዚህ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት አይገባም፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ሰው የተጎዳ እንደ ሆነ በሩና መስኮቱ ይከፈት፥ ታማሚውም ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይወሰድ፤ ተሽሎኛል ቢልም እንኳ ወደ ሐኪም ይድረስ፤ በሐኪም ቤት ብዙ ኦክሲጅን ሲሰጠው መርዙ ከደሙ ቀስ በቀስ ይለቃልና።

ይህን የሰማ ተማሪ ሁሉ ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለአባቱና ለእናቱ፥ ለጎረቤቱም ይንገር።