ሞተሩ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሊቀመንበራችን «ስለ ብድር አንድ ነገር ንገሪያቸው» ብላ አዛኛለች። እኔ ግን ስለ መኪና ሞተር ነው የምነግራችሁ። የብድር ማመልከቻዬን አስገብቼ፣ ወዲያው አንሥቼ፣ እንደገና በሌላ ቁጥር ያስገባሁት ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ሆና ቁጥር የምትለዋውጠው ምን ነክቷት ነው ያላችሁም አትጠፉም።

አባቴ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ እየነዳ ነው ያሳደገን። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወለደች መኪና ናት፤ ሩሲያዎች ከፊያት ጋር ተዋውለው ነው የሠሯት። የዚያው ቤተሰብ ቅንጡ ልጅ ደግሞ ስፓይደር ትባላለች፤ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ቅርጿን ያወጣው ፒኒንፋሪና ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ቱሪን ላይ ታየች። ሞተሯን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ከዚያ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። አባቴ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ላይ አሮጌ ስፓይደር ገዛ፤ ክፍያውን ለመጨረስ ዓመታት ፈጀበት። እናቴ «ላዳው ሙሽራ አገባ» እያለች ትስቅበት ነበር።

እውነትም የሙሽራ መኪና ሆነች። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ጡረታ የላትም፤ መኪናዋን ለሰርግ እያከራየች ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት ግን ስፓይደር መጨስ ጀመረች፤ ጉልበቷም ደከመ። አንድ ሙሽራ ይዛ ዳገት ላይ ስትንተፋተፍ የሙሽራው ሚዜዎች ወርደው ገፏት። ከዚያ በኋላ ስልክ የሚደውል ሰው ቀነሰ።

ወንድሜ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ በካንዴላ ቀዳዳ የግፊት መለኪያ አስገብተው ለኩ። ሦስቱ ሲሊንደሮች 8 ባር አካባቢ፣ አንደኛው 5 አሳየ። «መጽሐፉ 11 ይላል፤ ይሄ ሞተር አልቋል፤ አውጥተን የኮሮላ እንግጠም» አሉ። ዋጋው ከነሥራው 210 ሺህ ብር። የወንድሜ ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። የኮሮላ ዕቃ ሶማሌ ተራ ሄደህ በአንድ ሰዓት ታገኛለህ፤ የስፓይደር ዕቃ ግን ዘመድ ከውጭ በሻንጣ እስኪያመጣ ትጠብቃለህ። እኔም አመንኩና ማመልከቻውን ጻፍኩ። ከደመወዜም 8 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ። ያ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም፤ ደረሰኝ አለመቀበሌን እዚህ ስናገር አፍራለሁ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴ ከአንድ ሰርግ 8 ሺህ ታገኛለች። 210 ሺህ ማለት ሃያ ስድስት ሰርግ ነው፤ ያውም ነዳጅና ሹፌር ሳይታሰብ። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ ክረምቱም ጭር ያለ ነው። በጥሩ ዓመቷ ያገኘችው አሥራ አራት ሰርግ ነበር። በዚያ ላይ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር የድሮው ነው፤ ሞተር ሲቀየር እሱን ማስለወጥ ሌላ ምልልስ ነው። አንድ ቀን መሸጥ ብትፈልግም፣ እንዲህ ያለ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚገዛው ከነሞተሩ ነው።

በማግስቱ አባቴ ላዳውን ያሠራበት የነበረ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ የመጨረሻ ቃልዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። ወረቀቱን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ 11 የሚለው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ራሱ ሦስት አራተኛ ነው።» በስልኬ አሰላሁት። 11 ሲባዛ በ0.75፣ 8 ከሩብ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ለአዲስ አበባ ደህና ነበሩ ማለት ነው! እኔ የአንድ ቅርንጫፍን ሒሳብ በሌላ ቅርንጫፍ በጀት ለክቶ የመጣ ሰው ቢገጥመኝ ወረቀቱን እመልስለት ነበር። ሞተር ሲሆን ግን ፈረምኩ።

ቀጥለው ግፊቱ በወደቀው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ለኩ። ዘይቱ የፒስቶን ፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍነው፣ ግፊቱ ከፍ ካለ ችግሩ ከታች ነው፤ ካልተነቃነቀ ከላይ፣ ከቫልቭ ነው። 5 የነበረው 5 ከምናምን ሆነ። ስለ ጭሱም ጠየቁኝ፤ መቼ ነው የምታጨሰው? ከእንጦጦ ቁልቁለት ወርዳ ነዳጅ ሲሰጣት ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ይወጣል አልኳቸው። «እሱም የቫልቭ ጎማ ነው።» ቴስታታው ሲወርድ የአንደኛው ጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ተቃጥሎ ተበልቶ አገኘነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ክርክር የመጣው። ወንድሜ የአባቴን ሣጥን ከፍቶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት አዲስ ፒስቶኖች ይዞ መጣ። የፋብሪካው ልክ 80 ሚሊሜትር ነው፤ እነዚህ 80.4 ናቸው። አባቴ ሲሊንደሩን አስከፍቶ ሊገጥማቸው አስቦ ነበር ማለት ነው። «የአባታችን ውሳኔ ይሄው፤ ከተከፈተ አይቀር ሁሉም ይሠራ» አለ። እናቴ ፒስቶኖቹን እያገላበጠች አለቀሰች። እኔም አፌ ተሳሰረ፤ ምክንያቱም ወንድሜ ያለው ነገር መካኒኮችም የሚሉት ነው። የላዩ ሲጠብቅ የደከመው የታች ክፍል ዘይት መብላት ሊጀምር ይችላል።

ሽማግሌው ሲሊንደሮቹን በየቁመቱ ለኩ። ከሁሉም የባሰው የተበላው 0.08 ሚሊሜትር ነበር። «አባታችሁ የገዛው ለዛሬ አይደለም፤ ለሚመጣው ቀን ነው» አሉ። «ብረት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ፍቆ ሦስት፣ አራት ጊዜ ማደስ ነው ያለው፤ አንዱን ዛሬ በከንቱ አታጥፉ።»

ወሰንን። ቫልቮቹ፣ መሪዎቻቸውና ጎማዎቻቸው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የቴስታታው ፊት ማስተካከያ። የካም ቀበቶውም ከነመወጠሪያው ይቀየር አልኩ፤ የዚህ ሞተር ካሞች የሚዞሩት በሰንሰለት ሳይሆን በጎማ ቀበቶ ነው፣ መቼ እንደተቀየረም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀበቶው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ተጋጭተው አዲሱን ሥራ በአንድ ደቂቃ ሊያፈርሱት ይችላሉ። ድምሩ 68 ሺህ ብር መጣ። ዘጠኝ ሰርግ ማለት ነው። ሁለተኛው ማመልከቻዬ ይሄ ነበር።

መኪናዋ ከወጣች ሰባት ሰርግ ሠርታለች፤ ሦስት ክፍያ በሰዓቱ ገብቷል፤ ገንዘብ ያዣችን ምስክር ናት። ወንድሜ ግን ገና አልረካም። በየ500 ኪሎሜትሩ ዘይቱን እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ እስካሁን የቀነሰው ትንሽ ነው፣ ግን ቀንሷል። ቁጥሩ ከጨመረ እሱ ትክክል ነበር ማለት ነው፣ ደብተሩንም ለእሱ አሳየዋለሁ። ፒስቶኖቹ በዚያው ጋዜጣ ተጠቅልለው እናቴ አልጋ ሥር ናቸው። ያ ቀን ሲመጣ ኮሚቴው ሦስተኛ ማመልከቻ ከእኔ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ግን የፒስቶን ዋጋ አይኖርበትም፤ አባቴ ከፍሎታል።