አራት ቃል በባነር ላይ



በጃፓን ትምህርት ቤቶች የስፖርት ቀን ሲደርስ በአራት የቻይና ፊደላት የተጻፈ መፈክር ይሰቀላል። አንዱ «ኢቺ ዳንኬትሱ» ነው፤ እንደ አንድ ሆኖ መተባበር ማለት ነው። እኛም አራት ቃል አለን፦ «ጤናማ አእምሮ በጤናማ አካል»። ሮማዊው ባለቅኔ ጁቬናል ግን ሁለቱም እንዲሰጡን እንጸልይ ነበር ያለው። እኛ ጸሎቱን ቆርጠን ደንብ አደረግነው።

ታዲያ እዚህ ሳሪስ አቦ፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሜዳ ዳር የምትቀመጥ ልጅ ባነሩን ምን ብላ ታንብበው? በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌዋን የምትወጋ፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ! አእምሮዋ እኮ ምንም አልሆነም።

እባካችሁ፣ ለዘንድሮው ስፖርት ቀን ባነር የምታሠሩ ወላጆችና መምህራን፣ መተባበሩን ጻፉልን። ለእሷም የሰዓት ያዥነቱን ሥራ ስጧት።