ልጄ ለዩኒቨርሲቲዋ ስትጫወት



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ሙያችን አንድ ነገር በይ ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። ግን ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘችው ልጄ ናት። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፤ ባለፈው ወር ለሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተመረጠች። ደውላ ስትነግረኝ እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮኽኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሐኪሟ የመጣችብኝ።

ኳስ የጀመረችው ጀጎል ውስጥ ነው፣ ከወንዶቹ ጋር፣ በጨርቅ ኳስ። እናንተው ታውቁታላችሁ፣ እዚያ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻው ይነካካል። ሰው ማለፊያ ስታጣ ኳሱን በግድግዳ አጋጭታ ወዲያ ማዶ መቀበልን የለመደችው እዚያ ነው። እናቴ «እግሯ ቢሰበር ማን ይጦራታል?» ትል ነበር። አባቴ ግን ዝም። እሱ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ ድሬዳዋ ላይ ሲካሄድ ወርዶ ሞሮኮን ያየ ሰው ነው፤ ዋንጫውን በኋላ የወሰዱት እነሱ ስለሆኑ እስካሁን እሱ የመረጣቸው ይመስለዋል። አሁን እናቴም «በቴሌቪዥን መቼ ነው የምትወጣው?» ብላለች። ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ መጫወቷን ልጄ ነግራታለች መሰለኝ።

ወደ ጭንቀቴ ልግባ። መጀመሪያ ጉልበት። ኤሲኤል የምንለው ጅማት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይልቅ በብዛት እንደሚበጠስ እዚህ ላለ ሰው አልነግርም። ለዚህ መላ አለው፤ «ፊፋ 11 ፕላስ» የሚባለው የሃያ ደቂቃ ማሟሟቂያ በሴት ወጣቶች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ልጄን ብጠይቃት «እማዬ፣ እኛ ሜዳውን ሁለት ዙር ሮጠን ነው የምንገባው» አለችኝ። ጭንቅላቷን ተመትታ ከዞረባትም በዚያ ቀን ተመልሳ እንዳትገባ አስምያታለሁ። መሐላዋን ግን ብዙም አላምነውም፤ ጎል ፊት ስትደርስ አውቃታለሁ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ልብ ነው። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎኤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሊዮን ላይ ሜዳ ውስጥ ወድቆ በ28 ዓመቱ አረፈ። ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወደቀ፣ ግን ተረፈ። ኤሪክሰን ዘንድ ደረቱን ወዲያው የሚጫን ሰውና የልብ ማስነሻ መሣሪያ እዚያው ሜዳው ዳር ነበሩ። እንዲህ የወደቀ ሰው ካልታገዘ በእያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 ያህል ይቀንሳል። አምቡላንስ ከከተማው ማዶ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ነው?

የኛ አገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በልጅነት ሳይታከም ከቀረ ቶንሲል ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸውን ሕመም ሕይወት ፋና ተለማማጅ ሆነን ስንት ጊዜ አየነው! የአሥራ ስምንት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ዳገት ስወጣ ይደክመኛል» ብላ ትመጣለች፤ ስናዳምጣት ቫልቩ ጠቧል። እንዲህ ያለችው ልጅ ቡድን ውስጥ ብትኖር ማን ያውቃል? ልጄን ከመሄዷ በፊት አስተኝቼ አዳምጫታለሁ፣ ኢኮም አሠርቻለሁ። «ሜዳ ውስጥም ልትከተዪኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። የኔዋ እናት ሐኪም ስለሆነች ተዳመጠች። አብረዋት የሚጫወቱት ልጆችስ?

ተይው፣ አትጫወት ያላችሁኝ አላችሁ። አልልም። ያቺ ልጅ ኳስ ከያዘች ወዲህ ማልዳ ትነሳለች፣ ትበላለች፣ ታጠናለች። አባቷ «ትምህርቱስ?» ማለቱን ያቆመው ውጤቷን ሲያይ ነው።

ከናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ትሠራላችሁ። ወቅቱ ሳይጀመር አንድ ከሰዓት ሄዳችሁ ልጆቹን በስቴቶስኮፕ አዳምጡ፣ ስለ ቶንሲልና ስለ ድካም ጠይቋቸው፣ አሠልጣኙንና ሁለት ተጫዋቾችን ደረት መጫን አስተምሩ። መምህራኖቻችንም ለተማሪዎቻችሁ እንደ አንድ የማኅበረሰብ ልምምድ ብታደርጉት መልካም ነው። የልጄ ጨዋታ በመጪው ቅዳሜ ነው፣ እኔ ዓርብ ሌሊት እነሳለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ መኪናው ሁለት ሰው ይይዛል፤ ከሻይ በኋላ አግኙኝ።