ሁሉን የሚያሳድድ ውሻ ማሳ አይጠብቅም

(ለገበሬዎች ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ስለ ውሻ እንዳወራችሁ ተጠይቄ መጥቻለሁ። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ድንቹን ወይም በቆሎውን ጃርት የጨረሰበት ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ጃርት ቀን በጉድጓዱ ተኝቶ ይውላል። ሲመሽ ይወጣል። ድንቹን ቆፍሮ ይፈነቅላል፤ የበቆሎውን አገዳ ይጥላል። ከበላው ያበላሸው ይበልጣል። እኛ ደግሞ ቀን ስንደክም ውለን ሌሊቱን ሁሉ ማሳ ላይ ቆመን ልናድር አንችልም። ስለዚህ ዱካውን ተከትሎ ጉድጓዱን የሚያሳየን ውሻ ያስፈልገናል። ውሻማ በየቤቱ አለ። ጃርትን ብቻ የሚከተል ውሻ ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት አይምሬ የሚባል ውሻ ነበረኝ። ከቡችላነቱ ጀምሮ ፈጣን ነበር። ሰባት ወር ሲሆነው አንድ ጧት ከቤታችን በታች ሚዳቋ አሳዶ ያዘ። ልጆቼ እልል አሉ፤ አጨበጨቡ። እኔም ደስ ብሎኝ ከሥጋው ቆርጬ ሰጠሁት። ለካ ያን ቀን ትምህርት እየሰጠሁት ኖሯል!

ክረምት ሲገባ ጃርት ድንቼ ላይ ወረደ። አይምሬን ይዤ ሌሊት ወጣሁ። ዱካውን አገኘና ጥቂት ሄደ። መንገድ ላይ የሚዳቋ ሽታ ሲያገኝ ግን ጃርቱን ትቶ ወደዚያ ነጎደ። ከገደሉ ማዶ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ድንቼ ግን እዚሁ ይበላል። ሲነጋ ሦስት መደብ ድንች ተገልብጦ አገኘሁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሚዳቋ ያጣ ዕለት በግ ማሳደድ ጀመረ። አንድ ቀን የአንዲት ባልቴት ጎረቤቴን ያረገዘች በግ ገደለ። ሴትዮዋ ከዚያች በግ በቀር ሌላ አልነበራቸውም። በሽማግሌ ተዳኘንና ከራሴ በጎች አንዷን ከፈልኩ። አይምሬም ተገደለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ውሻው ምን ያድርግ? ያበላኸው አንተ፣ ያጨበጨቡለት ልጆችህ።» እውነታቸውን ነው። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ነገሩን እንመርምረው። የውሻ አፍንጫ ከእኛ አፍንጫ እጅግ ይበልጣል። ሽታ የሚቀበሉት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት በሰው አፍንጫ ውስጥ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው። በውሻ አፍንጫ ውስጥ ግን ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በአንድ ቦታ ሌሊት ጃርት፣ ጥንቸል፣ ሚዳቋና ፍየል ቢያልፉ፣ ውሻ የእያንዳንዱን ሽታ ለይቶ ያውቃል። ማሽተቱን እኛ አናስተምረውም። ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን እንደምንፈልግ ግን እኛ ካልነገርነው ከየት ያውቃል? የምንነግረውም በሥራችን ነው። ያበላነውንና ያመሰገንበትን ነገር ደግሞ ይሠራዋል።

አሁን ወደ አሠለጣጠኑ እንሂድ።

አንደኛ፣ ቡችላውን ከቤት እንስሳት ጋር ማላመድ ነው። ቡችላ 2 ወር ገደማ ሲሆነው ከእናቱ ይለያል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በጎች፣ ፍየሎችና ዶሮዎች ባሉበት ይደግ። ዶሮ ሲያባርር «ልጅ ነው፣ ይጫወት» ብላችሁ አትሳቁ። በእንጭጩ ያልተቀጨ አመል ኋላ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ሦስት ቃላት ማስተማር ነው። እነርሱም «ና»፣ «ተው» እና «ጃስ» ናቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ በእነዚሁ ቃላት ይጠቀም። አባት «ተው» ሲል ልጅ «ጃስ» ካለ ውሻው ማንን ይስማ? በተለይ «ጃስ» የሚለው ቃል ለጨዋታ አይባልም። ልጆች በጥንቸል፣ በድመት ወይም በአላፊ አግዳሚ ላይ ጃስ የሚሉበት ውሻ ለጃርት ሲፈለግ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ዱካ ማስለመድ ነው። ይህ ቡችላው 4 ወይም 5 ወር ሲሆነው ይጀመራል። የወዳደቀ የጃርት እሾህና ከጉድጓዱ አፍ የተዛቀ አፈር በአሮጌ ጨርቅ ቋጥሩ። እሾሁ አፍንጫውን እንዳይወጋው በደንብ ይጠቅለል። ቋጠሮውን በገመድ ከረጅም ዱላ ጫፍ ላይ አስራችሁ፣ ወደ ጎን አርቃችሁ መሬት ለመሬት ጎትቱት። ዱላው የሚያስፈልገው ውሻው የጃርቱን ሽታ ትቶ የእናንተን እግር እንዳይከተል ነው። መጀመሪያ 30 እርምጃ ያህል በቀጥታ ይሁን። መጨረሻው ላይ ቋጠሮውን ደብቁ። ቡችላው ሲያገኘው በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑት፤ ቁራሽ ሥጋ ወይም ቂጣ ስጡት። ሲለምድ መንገዱን አስረዝሙ፤ ጠማማ አድርጉት። ቀጥሎም ጎትታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ ልቀቁት።

ይህን ሁሉ በማለዳ ወይም ወደ ማታ አድርጉ። መሬቱ ቀዝቀዝና ረጠብ ሲል ሽታ ይቆያል። የቀትር ፀሐይና ነፋስ ግን ያጠፉታል። ትምህርቱም አጭር ይሁን። ቡችላው ሳይሰለች፣ ገና ሲፈልግ አቁሙ።

አራተኛ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቡችላው 8 ወር ገደማ ሲሆነው የጃርቱን መንገድ በሌላ ሽታ አቋርጡት። አንድ ሰው የፍየል ቆዳ በመንገዱ ላይ አግድም ጎትቶ ይለፍ። ውሻውን በረጅም ገመድ ያዙት። መገናኛው ላይ ሲደርስ ያመነታል። ወደ ፍየሉ ከዞረ ገመዱን ይዛችሁ ቁሙና «ተው» በሉት። አትጩሁ። ወደ ጃርቱ ዱካ ሲመለስ ያኔውኑ አመስግኑት፤ ሲጨርስም አብሉት። ዛሬ ቢሳሳት ነገ ደግሞ ሞክሩት። በሌላ ቀን ጥንቸልና ሚዳቋ ባለፉበት ሥፍራ ውሰዱት።

ስለ ዱላ አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን ውሻ ሚዳቋ ሲያሳድድ ውሎ ማታ ሲመለስ እንደበድበዋለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ውሻው የጧቱን ጥፋት አያስታውስም። የተመታው ወደ ቤት በመመለሱ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ «ና» ስትሉት አይመጣም። ማረም የሚቻለው ሲሳሳት፣ እዚያው ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ወደ ማሳ መውጣት ነው። ውሻው ዓመት ሳይሞላው ከእውነተኛ ጃርት ጋር አይጋጠም። ሲወጣም አመሉ ከታወቀ፣ ከሸመገለ ውሻ ጋር ይውጣ። ወጣት ውሻ ከባልደረባው ይማራልና ከአሳዳጅ ጋር ካወጣችሁት አሳዳጅ ይሆናል። ደግሞም ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል የሚባለው እውነት አይደለም። ወደ ኋላው እየሮጠ መጥቶ ነው የሚወጋው። ስለዚህ ውሻው ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። አፉ ላይ ቆሞ ይጩህ፤ ይበቃዋል። እሾህ ከወጋው በወረንጦ በቀጥታ ንቀሉለት። ዓይኑን ወይም ጉሮሮውን ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ጉድጓዱ ከታወቀ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው። የዱር እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ አይታደኑም። ጉዳቱን ለግብርና ባለሙያ አስታውቁና ምን እንደሚደረግ አብራችሁ ምከሩ።

በደጋ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። ቀይ ቀበሮ ከአገራችን በቀር በዓለም የትም የለም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ቀበሮ የሚያሳድድ ውሻ በሽታ ይሰጣል፤ በሽታም ይዞ ወደ ልጆቻችን ይመጣል። ስለዚህ ውሻ 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በየዓመቱም ይደገምለት። ሰው ቢነከስ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ያለኝ ውሻ ቻለው ይባላል። በዚህ በነገርኳችሁ መንገድ አሳደግሁት። አንድ የክረምት ሌሊት የጃርት ዱካ ይዞ ሲሄድ፣ ሚዳቋ ከፊቱ ተነሥታ ሮጠች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ቻለው ቀና ብሎ አያት። ከዚያም አፍንጫውን ወደ መሬት መልሶ መንገዱን ቀጠለ። ሄዶ ሄዶ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ቆመና ጮኸ። የዚያን ዓመት ድንቼን እኔ ቆፈርኩት እንጂ ጃርት አልቆፈረውም።

እነዚያ በጋቸው የተገደለችባቸው ባልቴት ይህን ሰምተው፣ «ከቻለው ዘር አንድ ቡችላ ስጠኝ» አሉኝ። እኔም፣ «እሰጥዎታለሁ፤ የልጅ ልጆችዎ ግን ጃስ እንዳይሉበት» አልኳቸው። ሳቁ። ወስደውም አሳደጉት።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ውሻም አራት እግር ስላለው አራት ዱካ አይከተልም። አንዱን መርጠን እናስተምረው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. አይምሬ የተበላሸው በማን ጥፋት ነው? ለምን?
2. ሲመለስ የተደበደበ ውሻ ሲጠሩት የማይመጣው ለምንድን ነው?
3. በመንደራችሁ ውሾች ምን ያሳድዳሉ? ማን አስተማራቸው?